ሦስት መትቶ አራት የፈረመው ሰው

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አበው። ይህን አባባል በልጅነቴ ስሰማው የጽሑፍን በጎነት ብቻ የሚያወሳ ይመስለኝ ነበር። የባንክ ሠራተኛ ከሆንኩ ወዲህ ግን ሌላ ፊት እንዳለው ተረዳሁ። የሚወረሰው እውነቱ ብቻ አይደለም፤ ስህተቱም አብሮ ይወረሳል። ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግኩት የአንድ የጎልፍ ውድድር ታሪክም ይህንኑ የሚያሳይ ነው። የጎልፍ ዱላ በእጄ ጨብጬ አላውቅም፤ ስለ ጨዋታው የማውቀው አንብቤና በቴሌቪዥን ተመልክቼ ነው። ወደዚህ ታሪክ የሳበኝ በአንድ ካርድ ላይ ያረፈ ፊርማ ነው። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁና አንባቢ ይህን ልብ ይበልልኝ።

ከውድድሩ መሥራች እንጀምር። ቦቢ ጆንስ በአሜሪካ የአትላንታ ከተማ ተወላጅ፣ በሙያው ጠበቃ፣ በጎልፍ ግን በዘመኑ አቻ ያልተገኘለት ሰው ነበር። በውድድር ዘመኑ ሁሉ አንድም ቀን ለገንዘብ አልተጫወተም። በ1925 በአሜሪካ ብሔራዊ ሻምፒዮና ላይ፣ ሣር ውስጥ የተቀመጠችውን ኳስ ሊመታ ዱላውን ሲያስጠጋ ኳሷ ጥቂት ተንቀሳቀሰች። ከእርሱ በቀር ያየ አልነበረም። ጆንስ ግን በገዛ ራሱ ላይ መስክሮ አንድ የቅጣት ምት እንዲቆጠርበት አደረገ። በጎልፍ አሸናፊው ጥቂት ምት የመታው ነውና ቅጣቱ ቀላል አልነበረም። በፍጻሜው ከዊሊ ማክፋርሌን ጋር እኩል ወጣ፤ በተደገመውም ግጥሚያ ተሸነፈ። ያቺ አንዲት ምት ባትጨመርበት ኖሮ ዋንጫው የእርሱ ነበር። ሰዎች ሐቀኝነቱን ባመሰገኑለት ጊዜ፣ ይህማ ባንክ ስላልዘረፍኩ እንደ ማመስገን ነው የሚል መልስ እንደ ሰጠ ይነገራል። ባንክ ቤት ለሚውል ሰው ይህ መልስ ልዩ ጣዕም አለው። እኛንም ካዝናው ሳይጎድል ስለ ዘጋን ማታ ማታ የሚያመሰግነን የለም፤ ግዴታችን ነውና።

ጆንስ በ1930 የዘመኑን አራት ታላላቅ ውድድሮች በአንድ ዓመት አሸንፎ፣ በ28 ዓመቱ ከውድድር ራሱን አገለለ። ከዚያም ክሊፎርድ ሮበርትስ ከተባለ የኒውዮርክ የገንዘብ ሰው ጋር ሆኖ፣ በጆርጂያ ግዛት በኦገስታ ከተማ ቀድሞ የችግኝ ማፍያ የነበረ ሰፊ መሬት ያዘ። የሜዳውን ንድፍ ያወጣው ሕክምናውን ትቶ በዚህ ሙያ ስም ያተረፈው እንግሊዛዊው አሊስተር ማኬንዚ ነው። የቦታውን ታሪክ ለመዘከር 18ቱም ጉድጓዶች የአበባና የዛፍ ስም ተሰጣቸው። የመጀመሪያው ውድድር በመጋቢት 1934 ሲካሄድ ማኬንዚ ከሁለት ወራት በፊት አርፎ ነበር። ሆርተን ስሚዝ አሸንፎ 1,500 ዶላር ተቀበለ። ሮበርትስ ውድድሩ «ማስተርስ» እንዲባል ፈልጎ ነበር፤ ጆንስ ግን ስሙ ትምክህት ያለበት መስሎ ስለ ታየው እስከ 1939 ድረስ ስያሜው በይፋ አልጸደቀም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሳቢያ ከ1943 እስከ 1945 ጨዋታው ተቋረጠ፤ በሜዳውም ከብትና የፈረንጅ ዶሮ ይረባበት ጀመር። ዛሬ በመላው ዓለም የሚታወቀው አረንጓዴ ኮት ለአሸናፊ መሰጠት የጀመረው በ1949 ሲሆን፣ ቀድሞ የለበሰውም ሳም ስኒድ ነው።

አሁን ወደ ፊርማው እንምጣ። በጎልፍ የእያንዳንዱን ተጫዋች ምት እየተከተለ የሚቆጥር ዳኛ የለም። አንዱ ተጫዋች የሌላውን ምት በካርድ ላይ ይመዘግባል፤ ጨዋታው ሲያልቅ ባለቤቱ በየጉድጓዱ የተጻፈውን አመሳክሮ ይፈርማል። እኛም ዘንድ አንዱ ያዘጋጀውን ሰነድ ሌላው አመሳክሮ ይፈርመዋል። ከመታው ያነሰ ቁጥር ላይ የፈረመ ከውድድሩ ይሰረዛል፤ ከመታው የበለጠ ቁጥር ላይ የፈረመ ደግሞ የተጻፈው ይጸናበታል። ይህ ሕግ ዛሬም አልተሻረም።

ኤፕሪል 14 ቀን 1968 በምዕራባውያን ዘንድ የፋሲካ እሑድ ነበር። ለአርጀንቲናዊው ሮቤርቶ ዴ ቪሴንዞ ደግሞ 45ኛ የልደት ቀኑ ነበር። ባለፈው ዓመት የብሪታንያን ታላቅ ውድድር አሸንፏል። በዚያ ዕለት በመጀመሪያው ጉድጓድ ሁለተኛውን ምት ከሩቅ ቢልከው ኳሷ ቀጥ ብላ ገባች። ሕዝቡም የልደት መዝሙር ዘመረለት። «ናንዲና» በተባለው ተክል የተሰየመውን 17ኛውን ጉድጓድ፣ አራት ምት የተመደበለትን፣ በሦስት ጨረሰ፤ ይህንንም በቦታው የቆመው ሕዝብና በቴሌቪዥን የሚከታተለው ሚሊዮን ሰው አየ። በመጨረሻው ጉድጓድ ግን አንድ ምት አበላሸ። በድምሩ 65 መታ፤ በአራቱ ቀናት 277 ማለት ነው። አሜሪካዊው ቦብ ጎልቢም 277 ጨረሰ። ስለዚህ ሁለቱ በማግሥቱ ይለዩ ዘንድ ይገባ ነበር።

ዴ ቪሴንዞ ከሜዳው አጠገብ በነበረችው ጠረጴዛ ሲቀመጥ ልቡ ያለው ባበላሸው ጉድጓድ ላይ ነበር። ካርዱን የያዘለት ተጫዋች ቶሚ አሮን በ17ኛው ጉድጓድ ሥር በሦስት ፈንታ አራት ጽፏል። ድምሩም 66 ሆኗል። ዴ ቪሴንዞ ሳያመሳክር ፈረመ። ስህተቱ የታወቀው ከዚያ በኋላ ነው። ሦስት መምታቱን አገር ምድሩ አይቷል፤ የፈረመው ግን አራት ነው።

የሕግ ኃላፊዎቹ ተጨነቁና ማረፊያ ቤቱ ድረስ ሄደው ቦቢ ጆንስን ጠየቁ። ጆንስ ያን ጊዜ 66 ዓመቱ ነው፤ ጽኑ የአከርካሪ በሽታ አካሉን አድክሞታል። ከ43 ዓመት በፊት ማንም ያላየውን ምት በራሱ ላይ ያስቆጠረው ሰው፣ አሁን ሁሉም ያየውን ምት ለሌላ ሰው ይመልስለት ዘንድ ተጠየቀ። መልሱ ሕጉ ይጸናል የሚል ሆነ። ዴ ቪሴንዞ በ278 ሁለተኛ ተባለ፤ አረንጓዴውን ኮት ጎልቢ ለበሰ። ጆንስ ከዚያ ዓመት በኋላ በውድድሩ ላይ አልተገኘም፤ በ1971 አረፈ።

እኔም አንድ ጊዜ ከዚህ የተቀራረበ ነገር ደርሶብኛል። በገንዘብ ከፋይነት ሁለተኛ ዓመቴን እንደ ያዝኩ፣ በአንድ የፋሲካ ዋዜማ፣ ሰልፉ በሩን አልፎ ደጅ በወጣበት ቀን፣ 3,400 ብር ሊያወጣ ለመጣ ደንበኛ 4,300 ብር ቆጥሬ ሰጠሁት። ማታ ሒሳብ ሲዘጋ 900 ብር ጎደለ። ጉድለቱ ለ9 ያለ ቀሪ ከተካፈለ ቁጥር ተገላብጦ እንደ ሆነ መጠርጠር የሙያችን ልማድ ነውና ስህተቴን ለማወቅ ብዙ አልፈጀብኝም። ሰነዱ ላይ ግን 3,400 ተብሎ ተጽፏል፤ ከሥሩም የእኔ ፊርማ ተቀምጧል። ኃላፊዬ ደግ ሰው ነበሩ። «እኔ አምንሃለሁ፤ መዝገቡ ግን አያውቅህም» አሉኝ። ገንዘቡ በሦስት ወር ከደመወዜ ተቆረጠ። ከ900 ብሩ ይልቅ ያቺ ቃል ጎዳችኝና ለረጅም ጊዜ በልቤ ተቀይሜያቸው ኖርኩ።

የዴ ቪሴንዞን ታሪክ ባነበብኩ ጊዜ ቀድሜ የፈለግኩት ያንኑ ቂም ነበር፤ አላገኘሁትም። በተሰባበረ እንግሊዝኛው ሞኝስ እኔ ነኝ ብሎ ጥፋቱን በራሱ ላይ አደረገ እንጂ አሮንን አልወቀሰም፤ ሕጉንም አላማረረም። እንዲያውም መከራው ለአሸናፊው ተረፈ። ጎልቢ የራሱን ምት በትክክል መትቶ፣ በትክክል ፈርሞ ሳለ፣ ድሉን እንደ ሰረቀ የሚያዩት ሰዎች ለዓመታት የስድብ ደብዳቤ ይጽፉለት ነበር።

ይሁንና «ሕጉ ይጸናል» የሚለውን ቃል ሳደንቅ አንድ ነገር ይከነክነኛል። በ1968 ኦገስታ ላይ ከተሰለፉት ተጫዋቾች መካከል አንድም ጥቁር አልነበረም። ወደዚህ ውድድር የሚገባው በግብዣ ነው፤ ግብዣው ደግሞ ለጥቁር ተጫዋች ደርሶ አያውቅም ነበር። ቻርሊ ሲፎርድ በ1967 በሃርትፎርድ፣ በ1969 በሎስ አንጀለስ የተደረጉትን ታላላቅ ውድድሮች አሸንፎ እንኳ አንድም ጊዜ አልተጋበዘም። የሌላ ውድድር አሸናፊ በቀጥታ እንዲጋበዝ ከተወሰነ በኋላ፣ ሊ ኤልደር በ1974 በፍሎሪዳ አሸንፎ በ1975 በኦገስታ የተጫወተ የመጀመሪያው ጥቁር ሆነ። ጥቁሮች በሜዳው አልነበሩም ማለት ግን አይደለም። እስከ 1982 ድረስ ተጫዋቾቹ ከክለቡ ሠራተኞች መካከል ከረጢት ተሸካሚ እንዲይዙ ይገደዱ ነበር፤ እነዚያ ተሸካሚዎች ጥቁሮች ነበሩ። ሣሩን፣ ነፋሱን፣ የመሬቱን ዘንበል ማለት አጥንተው የሚመክሩት እነርሱ ሲሆኑ በአሸናፊዎች ዝርዝር ላይ ግን ስማቸው የለም። በምት ቁጥር ላይ ይህን ያህል የተጠነቀቀ መዝገብ በሰው ቁጥር ላይ 41 ዓመት ጎድሎ ኖረ። ያንን ጉድለት ግን ከማንም ደመወዝ የቆረጠው የለም።

ክለቡ የመጀመሪያውን ጥቁር አባል የተቀበለው በ1990 ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ሴቶች በ2012። በ1997 የ21 ዓመቱ ታይገር ዉድስ በ12 ምት ልዩነት ሲያሸንፍ ኤልደር በሥፍራው ተገኝቶ ተመልክቷል። በ2021 ደግሞ ኤልደር ራሱ ውድድሩን በክብር እንዲከፍት ተጋበዘ። ኳስ ለመምታት አቅም አልነበረውም፤ በተቀመጠበት ዱላውን ከፍ አድርጎ አሳየ፤ ሕዝቡም ተነሥቶ አጨበጨበለት። በዚያው ዓመት አረፈ።

አሮንም በ1973 ማስተርስን አሸነፈ። በመጨረሻው ቀን ካርዱን የያዘለት ተጫዋች በ13ኛው ጉድጓድ ላይ አንድ ምት አብልጦ ጽፎበት ነበር፤ አሮን ግን ከመፈረሙ በፊት አይቶ አሳረመ። ዴ ቪሴንዞ በበኩሉ በ1970 ከአሜሪካ የጎልፍ ማኅበር ለጨዋነቱ ሽልማት ተቀበለ። የሽልማቱ ስም ቦብ ጆንስ ነው። በ2017 በ94 ዓመቱ እስኪያርፍ ድረስ ሰው ሁሉ ስለዚያች ካርድ ይጠይቀው ነበር፤ እርሱም እየሣቀ ይመልስ ነበር።

እኔም ዛሬ ከመፈረሜ በፊት ሦስት ጊዜ እቆጥራለሁ። የቀድሞው ኃላፊዬ ጡረታ ከወጡ ሰንብተዋል። ባለፈው ፋሲካ ስልክ ደውዬ «እንኳን አደረሰዎት» አልኳቸው። ድምፄን ወዲያው ለዩት፤ ስለ ቤተሰቤም አንድ በአንድ ጠየቁኝ። ስለ 900 ብሩ ሁለታችንም አላነሳንም።