የፊደል ቤት ታሪክ በምሥራቅ አዲስ አበባ

ልጅን ፊደል ማስቈጠር በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ዘንድ ከቅዳሴና ከማኅሌት ተለይቶ የማይታይ ሥራ ሆኖ ኖሯል። ታቦት በገባበት ደብር፥ ከቅጽሩ አጠገብ ከዛፍ ጥላ በታች ወይም በአንዲት ጎጆ ውስጥ፥ ሕፃናትን ሰብስቦ ሀ ግእዝ፥ ሁ ካዕብ የሚያሰኝ መምህር ይገኝ ነበር። መንግሥት የትምህርት ሚኒስቴር ሳያቆም፥ ማተሚያ ቤትም በአገሩ ሳይተከል፥ ይህች አገር ማንበብን ሳትረሳ ብዙ መቶ ዓመት የተሻገረችው በነዚህ መምህራን ድካም ነው። ዛሬ በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል፥ በቦሌና በየካ በኩል፥ የቅዱሳንን ስም በበራቸው ላይ ጽፈው ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ እስከ ሁለተኛ ደረጃ የሚያስተምሩ የግል ትምህርት ቤቶችን የሚመለከት ሰው፥ ሥሩን ካላወቀ ነገሩ ትናንት የተጀመረ ይመስለዋል።

የጥንቱ ትምህርት ሥርዐት የታወቀ ነው። ሕፃኑ አስቀድሞ ፊደሉን ያጠናል፤ ቀጥሎ የዮሐንስን መልእክት በቁጥር፥ በግእዝ፥ በውርድና በቁም ንባብ ይማራል፤ ከዚያም ወደ ዳዊት ይገባል። ወደ ማታ ጊዜ ውዳሴ ማርያምንና የዘወትር ጸሎቱን በቃሉ ያጠናል። ልጁ ዳዊት በደገመ ጊዜ ለቤተ ሰቡ ታላቅ ደስታ ይሆናል፤ ለየኔታም እንደ አቅም ስጦታ ይቀርባል። ከዚህ አልፎ ዜማን፥ ቅኔንና የመጻሕፍትን ትርጓሜ የሚሻ ተማሪ ወላጆቹን ትቶ፥ ደበሎ ለብሶ፥ አኮፋዳውን አንግቶ፥ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ቁራሽ እየለመነ ከመምህር ወደ መምህር ይሄዳል። መምህሩ ዋጋ አይጠይቅም፤ ተማሪውም የሚከፍለው የለውም። የድኻ ልጅና የመኳንንት ልጅ በአንድ ጉባኤ ተቀምጠው የሚማሩት ስለዚህ ነበር። ጉድለት አልነበረበትም ማለት ግን አይደለም፤ ሴቶች ልጆች ከዳዊት አልፈው ወደ ጉባኤ የሚገቡት እምብዛም ነበር፤ ከእጅ ሥራና ከዓለም ዕውቀት በኩልም የሚቀረው ብዙ ነበር።

አዲስ አበባ ከተቈረቈረች በኋላ ይህ ሥርዐት ከከተማ ኑሮ ጋር ተስማምቶ የቄስ ትምህርት ቤት የሚባለውን አስገኘ። በየሰፈሩ የሚኖሩ ካህናትና መሪጌቶች በወር ጥቂት ሳንቲም እየተቀበሉ የጎረቤቱን ልጆች ሰብስበው ያስተምሩ ነበር። ሕፃኑ የፊደል ገበታውን በጭኑ ላይ አድርጎ፥ በስንደዶ እየጠቈመ፥ ድምፁን ከባልንጀሮቹ ድምፅ ጋር አስተባብሮ ይጮኻል። ዛሬ መዋዕለ ሕፃናት የሚባለውን ሥራ አስቀድሞ ለከተማው የሠራ ይህ ቤት ነው። ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት የሚገባው ልጅ ብዙ ጊዜ ማንበብን ከየኔታ ተምሮ የመጣ ነበርና፥ የአንደኛ ክፍል መምህር ድካሙ ይቀልለት ነበር።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ገደማ አዲሱን ትምህርት ቤት በከፈቱ ጊዜ ካህናቱ ሠግተው ነበር። የሠጉትም የውጭ አገር ቋንቋውን ፈርተው ሳይሆን፥ ከቋንቋው ጋር ተጭኖ የሚመጣውን ባዕድ ሃይማኖት ፈርተው ነው። ስለዚህ መምህራኑ ከግብፅ ቤተ ክርስቲያን ልጆች ወገን እንዲመጡ ተደረገ፤ ሥጋቱም በዚህ በረደ። በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተከተለ። ጠላት ከአገር ከወጣ በኋላም በ1935 ዓ.ም. ከከተማው በስተ ምሥራቅ በኮተቤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቆመ፤ ከልዩ ልዩ አውራጃ የመጡ ወጣቶችም እዚያው እያደሩ ይማሩ ጀመር። በዚያው ዘመን የቅድስት ሥላሴ መንፈሳዊ ትምህርት ቤት ተመሠረተ።

ከዚህ ላይ ሊስተዋል የሚገባ ነገር አለ። ቤተ ክርስቲያን በዚህ ጊዜ የትምህርቱን ሁለት ጫፍ ይዛ መካከሉን ለቀቀች። ሕፃኑ በአምስትና በስድስት ዓመቱ በየኔታ እጅ ነው፤ ካህን ለመሆን የሚሻውም ከአደገ በኋላ በጉባኤ ቤት ወይም በመንፈሳዊው ትምህርት ቤት ይገኛል። ነገር ግን ከሰባት ዓመት እስከ ዐሥራ ስምንት ዓመት ያለው ዕድሜ፥ ይኸውም ልጅ ስለ እግዚአብሔርና ስለ ዓለም አብልጦ የሚጠይቅበት ዘመን፥ ከእርስዋ እጅ ወጣ። መካከሉን ያልናቁት ከውጭ የመጡት ማኅበራት ነበሩ፤ የዴ ላ ሳል ወንድሞች በ1950ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ ያቆሙት የቅዱስ ዮሴፍ ትምህርት ቤት ለዚህ ምስክር ነው።

ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ነገሩ ይልቁን ጠበበ። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትና የከተማ ትርፍ ቤት በተወረሰ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን መምህራንን የምትረዳበት ገቢ ከእጅዋ ወጣ፤ ብዙዎች የግል ትምህርት ቤቶችም ወደ መንግሥት ተዛወሩ። ጉባኤው ግን ፈጽሞ አልተበተነም። የሸዋ ሊቀ ጳጳስ የነበሩት ሁለተኛው አቡነ ጎርጎርዮስ በዝዋይ ሐይቅ አጠገብ የካህናት ማሠልጠኛ አቋቁመው የገጠር ልጆችን ያስተምሩ ነበር፤ በክረምትም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን እየተቀበሉ፥ ያ ትውልድ በአደባባይ የማይሰማውን ትምህርት በዚያ ይሰጡት ነበር። እርሳቸው በ1982 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ዐረፉ። በ1984 ዓ.ም. ከተመሠረተው ከማኅበረ ቅዱሳን መሥራቾች ውስጥ የእርሳቸው ተማሪዎች ነበሩበት፤ ማኅበሩም በኋላ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ትምህርት ቤቶችን ሲከፍት በመምህሩ ስም አቡነ ጎርጎርዮስ ብሎ ሰየማቸው። ለቆ የነበረውን መካከል መልሶ የመያዝ ሥራ እንዲህ ተጀመረ።

በዚሁ ዘመን የከተማው ምሥራቅ መልኩን ለወጠ። ቦሌ የአውሮፕላን ማረፊያው ሳይሠራበት የእርሻ አገር ነበር። ማረፊያው ከተሠራ በኋላ መንገዱ ተከተለ፤ ከመንገዱም ቀጥሎ ቤቶች በዙ፤ ከተማው በገርጂ፥ በሰሚትና በአያት በኩል እየሰፋ ሄደ። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከወጣ ወዲህ የግል ትምህርት ቤት በዛ፤ የመዋዕለ ሕፃናቱም ሥራ በአብዛኛው በግል ሰዎችና በማኅበራት እጅ ወደቀ። በአዲሱ ሰፈር የሚኖረው ወላጅ ልጁን ወደ የኔታ ደጃፍ መላኩን ተወ፤ ባለ ልብሱን፥ ባለ መኪናውንና እንግሊዝኛ የሚያስተምረውን መረጠ። የፊደል ገበታውም ከሕፃኑ ጭን ላይ ወርዶ በግድግዳ ላይ ተሰቀለ።

ክርስቲያናዊው የግል ትምህርት ቤት በዚህ መካከል ሁለት ፈተና ቆሞ ይጠብቀዋል። የመጀመሪያው የሕግ ነው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በ90ኛው አንቀጽ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲካሄድ ያዝዛል። እንግዲህ ሒሳቡ፥ ሳይንሱና ቋንቋው መንግሥት በሚያወጣው ሥርዐት የሚሰጥ ከሆነ፥ ትምህርት ቤቱን ክርስቲያናዊ የሚያሰኘው ምንድር ነው? የቅኔ ተማሪ መልሱን ከቤቱ ያገኘዋል። ሰሙ ለሁሉ የተሰጠ የጋራ ቃል ነው፤ ወርቁ ግን በሰሙ ውስጥ ይኖራል እንጂ በላዩ አይለጠፍም። እንደዚሁም መምህሩ ፈተናን በእውነት ሲያርም፥ ለደካማው ልጅ ሲታገሥ፥ ግእዝን የአባቶቹ ቋንቋ አድርጎ ሲያስወድድ፥ ወርቁ ያን ጊዜ ይታያል። ይህ ከሌለ በበር ላይ የተሳለው መስቀል ወርቅ የሌለው ሰም ነው፤ እንዲህ ያለውን ቅኔ ደግሞ ጉባኤው አይቀበለውም።

ሁለተኛው ፈተና የገንዘብ ነው፤ ከፊተኛውም ይልቅ ይከብዳል። የዛሬ መምህር በቁራሽ አይኖርም፤ ደመወዝ ይገባዋል። ቤቱ ኪራይ አለው፤ መጽሐፉና ወንበሩ ዋጋ አለው። ስለዚህ ክፍያ መጠየቅ ኃጢአት አይደለም። ነገር ግን ክፍያው ከፍ እያለ በሄደ መጠን፥ የየኔታን ጉባኤ ጉባኤ ያሰኘው ነገር፥ የድኻና የባለጠጋ ልጅ አብሮ መቀመጥ፥ ይቀራል። በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ደጅ ተቀምጣ የምትለምን እናት ልጅ፥ በቅዱሱ ስም በተጠራው ትምህርት ቤት በር አልፎ መሄድ ብቻ ዕድሉ ከሆነ፥ ቤተ ክርስቲያን መካከሉን መለሰች አይባልም፤ ለሚችሉት ብቻ መለሰች ይባላል እንጂ።

መድኃኒቱ ሩቅ አይደለም። በየደብሩ ሰበካ ጉባኤ አለ፤ በየአጥቢያው ሀብት ያላቸው ምእመናን አሉ። በእያንዳንዱ ክፍል ጥቂት ወንበር ለማይከፍሉ ልጆች ተለይቶ ቢቀመጥ፥ ዋጋውንም ደብሩና ምእመናኑ ቢካፈሉት፥ ሥራው አዲስ አይሆንም፤ ለቆሎ ተማሪ ቁራሽ ይሰጥ የነበረው ያው እጅ ነው። ተማሪውን ያሳደገው መምህሩ ብቻ አልነበረም፤ ውሻዋን ገሥጻ ከሞሰቧ ቈርሳ የሰጠችው ባልቴትም ነበረች። የየኔታ ቤት ያለ እርስዋ አንድ ቀን አይቆምም ነበር፤ የቦሌው ትምህርት ቤትም ያለ እርስዋ ምሳሌ ስሙን ተሸክሞ አይዘልቅም።