ሐሳብ፣ ሒሳብ፣ አበቅቴ

መስከረም 1 ቀን እንጦጦ ራጉኤል ሁለት በዓል አንድ ላይ ይውላል፦ የመልአኩ ዓመታዊ ንግሥና ዘመን መለወጫ። በዚሁ ዕለት አጽዋማትና በዓላት መቼ እንደሚውሉ በየአጥቢያው ይታወጃል። አዋጁ የሚወጣው ከቤተ ክርስቲያን የዘመን ቀመር፣ ከባሕረ ሐሳብ ነው። እዚህ «ሐሳብ» የልብ ሐሳብ አይደለም፤ ቁጥር ነው። ግእዙ «ሐሰበ» ቆጠረም አሰበም ይላል። አማርኛ ግን ማሰቡን ለ«ሐሳብ» ትቶ፣ መቁጠሩን በአረብኛ በኩል ለገባው ለ«ሒሳብ» ሰጠ፤ ምግብ ቤት ገብተን በልተን ስናበቃ የምንጠራው ያው እሱ ነው።

2018ን እንቀምር። 5500 ሲደመርበት 7518 ዓመተ ዓለም ነው። ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ መደብ ይሉታል። አንድ ሲነሳለት 12፣ ወንበር። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ የሚቀረው 12 አበቅቴ፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ የሚቀረው 18 መጥቅዕ ነው። የሁለቱ ድምር ምንጊዜም 30 ነው።

ስሞቹን ልብ በሉ። መደብ እንግዳ የሚቀመጥበት የጭቃ መደብ ነው፤ ወንበርም የአብነት መምህር «ወንበር ዘረጋ» የሚባልለት። መጥቅዕ ደወል ነው። አበቅቴ ብቻ ከሩቅ መጣ፤ ግሪኮቹ «ኤፓክቴ» የሚሉት፣ የተጨመረ ማለት ነው።

ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳብ በእንግሊዝኛ ነው። ተማሪው «ሪሜይንደር»ን ይሸመድዳል፤ መስከረም 1 የሰማው አዋጅ ከቀሪ የተሠራ መሆኑን የሚነግረው ግን እምብዛም አያገኝም። ቀሪ ይህን ያህል ሥራ የሚሠራበት ሌላ የአገር ቤት ምሳሌ እኔ አላውቅም።

ይህ በክፍል ይሰጥ ሲባል «ክፍሉ የክርስቲያን ልጅ ብቻ ነው ወይ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ደግሞ እዚያው 11 ላይ ተቀምጧል። የፀሐይ ዓመት 365 ቀን፣ የጨረቃው 354፤ ልዩነቱ 11። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ እየቀደመ የሚገባው በዚህ ነው። የሙስሊሙ ልጅ ይህን ከቤቱ ይዞት ይመጣል። አበቅቴም ያንኑ 11 ነው የሚያባዛው። እንግዲህ አንዱ ልጅ ለሌላው ሊያስረዳው የሚችል ነገር አለ፤ ትምህርቱም የሃይማኖት ሳይሆን የማካፈል ነው።

የሒሳብ መምህር ሆይ፣ የ2019ን አበቅቴ ለክፍልዎ ይስጡ። መልሱ 23 ነው።