የቡታጅራ የነርቭ ሕመም ጥናቶች

የቡታጅራ የነርቭ ሕመም ጥናቶች በቡታጅራ ከተማና በዙሪያዋ ባለው የቀድሞው የመስቃንና ማረቆ ወረዳ የተካሄዱ፣ በተለይ የሚጥል በሽታን የሚመለከቱ ሕዝብ አቀፍ የሕክምና ጥናቶች ናቸው። ቡታጅራ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ የጉራጌ ከተማ ናት።

አጀማመር

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር የቡታጅራ ገጠር ጤና ፕሮጀክትን ያቋቋመበት ዓመት በአንዳንድ ጽሑፎች 1986፣ በሌሎች 1987 እ.ኤ.አ. ተብሎ ተመዝግቧል። 1979 ዓ.ም. የሁለቱንም የአውሮፓ ዓመታት ክፍል ስለሚይዝ፣ ልዩነቱ ምናልባት ከዘመን አቆጣጠር ወይም ዝግጅቱንና የምዝገባውን መጀመር ለይቶ ካለመቁጠር የመጣ ሊሆን ይችላል። ፕሮጀክቱ ልደትንና ሞትን የሚከታተለው በዘጠኝ የገጠርና በአንድ የከተማ ቀበሌ ነበር።

በፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት የተመራው የነርቭ ሕመም ቆጠራ ከዚህ ጋር ቢቀራረብም ሽፋኑ የሰፋ ነው። ከ1986 እስከ 1988 እ.ኤ.አ. መረጃ ሰብሳቢዎች ቤት ለቤት እየዞሩ 60,820 ሰዎችን አካተዋል።

ግኝቶች

ከተለዩት ሕመሞች ቀዳሚው የሚጥል በሽታ ነበር፤ 316 ሰዎች ተገኝተዋል፣ ይህም ከ1,000 ሰው 5.2 ያህሉ ማለት ነው። ፖሊዮ ያስከተለው ሽባነትና ከሥጋ ደዌ የመጣ የነርቭ ጉዳትም ጎልተው ታይተዋል። በኋላ የወጣ የክትትል ጥናት በየዓመቱ ከ100,000 ሰው 64ቱ በሚጥል በሽታ እንደሚያዙ ገምቷል።

እጅግ የሚያሳስበው የሕክምናው ሁኔታ ነው፤ ከሕሙማኑ ዘመናዊ መድኃኒት ያገኙት 1.6 ከመቶ ብቻ ነበሩ። አብዛኞቹ በጸበል፣ በክታብና በባህል መድኃኒት ተስፋ አድርገዋል። በሽታው የርኩስ መንፈስ ሥራ እንደሆነና በንክኪ እንደሚተላለፍ የሚያምኑ ሰዎች ነበሩ። በአገራችን የወደቀን ሰው የክብሪት ጭስ እንዲያሸት ማድረግ የተለመደ ቢሆንም መንፈራገጡን አያቆምም። ምድጃ ላይ የወደቀውን ይተላለፍብኛል በሚል ፍርሃት ሳይጎትቱ መተው ደግሞ ቃጠሎውን ያከፋዋል።

ጽኑ ሕሙማን

የቡታጅራ ጥናቶች በአመዛኙ የማኅበረሰብ እንጂ የጽኑ ሕክምና ክፍል ጥናቶች አይደሉም። ሆኖም ሕመምተኛው ሳይነቃ ተደጋግሞ የሚመጣ መንፈራገጥ አንጎልን የሚጎዳና ሕይወትን የሚቀጥፍ ድንገተኛ አደጋ ነው፤ መድኃኒትን በድንገት ማቋረጥም ከታወቁት መንስኤዎቹ አንዱ ነው።

ተከታይ ሥራዎች

ፕሮፌሰር ረዳ በቡታጅራ የግራርቤት ተሐድሶ ማኅበርን መሥርተዋል። በአጎራባቹ ሶዶ ወረዳም ፕራይም የተባለው ፕሮጀክት የሚጥል በሽታ ሕክምና በጤና ጣቢያ ባለሙያዎች እንዲሰጥ ሠርቷል።

ፋይዳ

የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሆነው ፌኖባርቢታል ርካሽ ነው፤ በጤና ጣቢያ ደረጃም ሊሰጥ ይችላል። ስለዚህ የጥናቶቹ ትልቁ ትምህርት የሚጥል በሽታ አደጋን መከላከል የሚጀመረው በቀበሌ ነው የሚለው ነው። የወደቀን ሰው ከእሳትና ከውሃ ማራቅ፣ በጎኑ ማስተኛት፣ አፉ ውስጥ ምንም አለመክተት ይገባል፤ መንፈራገጡ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ያስፈልጋል።