ከጣት ጫፍ እስከ ስላይድ፦ የጎንደር ላብራቶሪ ጠረጴዛ ታሪክ

የኮሌጃችን ታሪክ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚወሩት ሕንፃዎቹ፣ የምረቃ ቀኖቹና የስም ለውጦቹ ናቸው። እኔ ደግሞ ለዚህ የመገናኛ መጽሔታችን ስለ አንድ ጠረጴዛ ልጻፍ። ማይክሮስኮፕ፣ የስላይድ ሣጥን፣ የጂምሳ ጠርሙስ፣ ጥጥና አልኮል የተደረደሩበት፣ ላዩ በማቅለሚያ ወይን ጠጅ የመሰለ ጠረጴዛ። ጤና መኮንን ሆናችሁም ተመረቃችሁ፣ ኮሚኒቲ ነርስም ሆነ ሳኒታሪያን፣ አብዛኞቻችሁ እዚያ ጠረጴዛ ዘንድ ቆማችሁ የጓደኛችሁን ጣት ወግታችኋል፤ ተወግታችኋልም።

ነገሩ የሚጀምረው ከደምቢያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ከጣና በስተ ሰሜን ባለው የደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ገብቶ ወደ 7,000 የሚሆን ሰው እንደጨረሰ ይገመታል። የአካባቢው ሰው ንዳድ የሚለውን በሽታ ጠንቅቆ ያውቀዋል፤ ክረምቱ ወጥቶ ውኃው ሜዳው ላይ ሲተኛ እንደሚመጣም ያውቃል። የጠፋው የሚያክም ሰው ነበር። በዚያን ጊዜ በአገሩ የነበሩት ሐኪሞች በጣም ጥቂት፣ እነሱም በአብዛኛው የውጭ ዜጎችና በከተማ የተቀመጡ ነበሩ። በ1947 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል በጎንደር ሲከፈት ያ እልቂት ከምክንያቶቹ እንደ አንዱ ይጠቀሳል። መንግሥት፣ የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ የቴክኒክ ርዳታ (በዚያ ዘመን አጠራር ፖይንት ፎር) ተባብረው ነው ያቋቋሙት።

የተቋቋመበት ሐሳብ ለጊዜው አዲስ ነበር። ሐኪም እስኪበዛ ከመጠበቅ፣ በአጭር ጊዜ ሠልጥኖ ገጠር የሚወርድ ቡድን ማዘጋጀት። ጤና መኮንን፣ ኮሚኒቲ ነርስና ሳኒታሪያን አብረው ይማራሉ፣ አብረው ይወጣሉ፣ አንድ ጤና ጣቢያ ይዘው ለ50,000 ያህል ሕዝብ ያገለግላሉ ተባለ። የላብራቶሪ ቴክኒሻን ሥልጠናም ኋላ ተጨመረ። እስቲ አስቡት፤ በአንድ ጤና ጣቢያ ለ50,000 ሰው አንድ ማይክሮስኮፕ! ቴክኒሻኑ ቢታመም ወይም ገና ካልተመደበ ማን ያያል? ጤና መኮንኑ ራሱ ነው የሚያየው። ላብራቶሪ ለላብራቶሪ ተማሪ ብቻ የማይተው ትምህርት የሆነው በዚህ ምክንያት ነው እንጂ ለፈተና ማሟያ ተብሎ አልነበረም።

ትኩሳት ይዞ የመጣ ገበሬ ወባም ሊሆን ይችላል፣ ተስቦም፣ ግርሻም። ሦስቱም ያንቀጠቅጣሉ፣ ሦስቱም ራስ ያፈልጣሉ። በዓይን አይቶ መለየት አይቻልም፤ መድኃኒታቸው ግን አንድ አይደለም። አንዲት የደም ጠብታ በደንብ ከተቀባች፣ በደንብ ከቀለመችና የሚያይ ዓይን ካገኘች ከሦስቱ ሁለቱን ትለያለች። ወባው በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ቀለበት መስሎ ይታያል፤ የግርሻው ተሕዋስ ደግሞ በሕዋሶቹ መካከል እንደተጠማዘዘ ቀጭን ክር ሆኖ ይገኛል።

ይህን ጠብታ ማዘጋጀት ሲነገር ቀላል ነው። የግራ እጅ የቀለበት ጣት በአልኮል ይጠረጋል፤ እስኪደርቅ ይጠበቃል፤ ጎን ጎኑን በላንሴት ወጋ ይደረጋል። የመጀመሪያዋ ጠብታ ተጠርጋ ትጣላለች። ከቀጣዮቹ አንዷ ለወፍራሙ ቅብ፣ አንዷ ለቀጭኑ ትወሰዳለች። ወፍራሙን በስላይድ ጥግ ማዞር ነው፤ ልኩን ለማወቅ የድሮ አስተማሪዎች የሚሰጡት መለኪያ ገና ሳይደርቅ ከሥሩ የጋዜጣ ፊደል ማንበብ መቻል ነበር። አዲስ ዘመን ጋዜጣ ለንባብ ብቻ አልነበረም ማለት ነው! ፊደሉ ከጠፋ ደሙ በዝቷል፤ ቁልጭ ብሎ ከታየ አንሷል። ቀጭኑ ሌላ ጣጣ አለው። ሁለተኛውን ስላይድ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ አዘንብሎ ደሙ በጠርዙ እስኪሰራጭ ጠብቆ፣ ሳይፈሩና ሳያቆሙ ወደ ፊት መግፋት ነው። መጨረሻው የምላስ ጫፍ መምሰል አለበት። እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው መሰላል የመሰለ ቅብ ያወጣል።

ከዚያ በኋላ ቀጭኑ በሜታኖል ይጸናል፤ ወፍራሙ ግን ሜታኖል እንዳይነካው ይጠበቃል፤ ምክንያቱም ቀይ ሕዋሶቹ በማቅለሚያው ውኃ ፈንድተው ጥገኛ ተሕዋሱ ብቻውን ራቁቱን መቅረት አለበት። ወፍራሙ «አለ ወይስ የለም» ለሚለው ጥያቄ ነው፣ ቀጭኑ «የትኛው ነው» ለሚለው። በአገራችን በብዛት ያሉት ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ ስለሆኑ ይህ ሁለተኛ ጥያቄ ቅንጦት አይደለም፤ ቫይቫክስ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ስለሚመለስ ሕክምናው ይለያል። ማቅለሚያውን የሃምቡርጉ ኬሚስት ጉስታቭ ጂምሳ እ.ኤ.አ. በ1904 ነው ይፋ ያደረገው፤ ስሙ እስከ ዛሬ ጠርሙሱ ላይ አለ። የውኃው ፒኤች 7.2 ካልሆነ ሐኪም ቢመጣ፣ ሊቅ ቢመጣ ነጥቧ ቀይ፣ አካሏ ሰማያዊ ሆና አትታይም።

ቅቡም ከደረቀ በኋላ ጠላት አለው። ዝንብ! ያልቀለመ የደም ቅብ ክፍት ቦታ ከተተወ ዝንብ ይልሰዋል፤ ስትመለሱ መሐሉ የተበላ ስላይድ ይጠብቃችኋል። የገጠር ጤና ጣቢያ የሠራ ሁሉ ይህን ያውቃል። መብራት በሌለበት ደግሞ ማይክሮስኮፑ ከሥሩ ባለ መስተዋት የመስኮት ብርሃን ይለምናል፤ ደመና ከመጣ ሥራው ይቆማል። «የለም» ለማለት 100 ፊልድ መቁጠር ግዴታ ነው፤ በ100ኛው አንገት ይደርቃል፣ ወረፋው ግን አያልቅም።

የቀረውን ባጭሩ። ሄሞግሎቢን በሳህሊ መሣሪያ ነበር የሚለካው፤ ደሙን በቀጭን ፒፔት በአፍ መሳብ፣ ከአሲድ ጋር መቀላቀል፣ ከዚያ ቡናማው ቀለም ከመመሳከሪያው መስታወት ጋር እስኪመሳሰል የተጣራ ውኃ ጠብ ጠብ ማድረግ። (በአፍ መሳብ ዛሬ የተከለከለ ነው፣ ደግሞም ይገባል።) ለስኳር ሽንት በቤኔዲክት ፈሳሽ ይፈላል፤ 5 ሚሊ ሊትር ላይ 8 ጠብታ። ሰማያዊው ካልተለወጠ ደህና ነው፤ ወደ ጡብ ቀለም ከሄደ ቤተሰቡን አስጠሩ። የአክታው ምርመራ፣ ማለትም ዚል ኔልሰን፣ ትዕግሥት ነው፤ ቀዩን ማቅለሚያ እስኪተን ማሞቅ፣ ግን አለማፍላት። ሰገራ ማየትን ማንም አይወደውም ነበር፤ ብዙ ሕፃን ያዳነው ግን እሱ ነው።

ይህ ሁሉ ቀስ በቀስ ተለወጠ። እ.ኤ.አ. በ1978 ከላይፕሲግ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የሕክምና ዶክትሬት ትምህርት ተጀመረ፤ ኋላም ኮሌጁ ወደ ዩኒቨርሲቲ አደገ። ሆስፒታሉ አደገ፣ ላብራቶሪው አደገ፣ ደም የሚቆጥር ማሽን መጣ። ጠቀመ ወይ? በጣም ጠቀመ። በኒውባወር መቁጠሪያ አንድ በአንድ ነጭ ሕዋስ መቁጠር የሚናፍቀው ሰው ካለ እኔ አላውቀውም። ለጤና ኬላዎችም ፈጣኑ የወባ መመርመሪያ መጣ፤ ማይክሮስኮፕ ባልነበረበት ቦታ ውጤት በ20 ደቂቃ አካባቢ መስጠት ትንሽ ነገር አይደለም።

ታዲያ እኔ የምከራከረው በአንድ ነገር ላይ ነው። ዛሬ በየትምህርት ቤቱ «ማሽን አለ፣ ቴክኖሎጂስት አለ፣ ሌላው ተማሪ ስላይድ ምን ያደርግለታል» የሚል አስተሳሰብ እየለመደ ነው። ፈጣኑ መመርመሪያ ግርሻን አያይም፤ ወባ የለም ብሎ ይመልሳል፣ በሽተኛውም እየተንቀጠቀጠ ይሄዳል። ወባንም ቢሆን ሁልጊዜ አያገኝም። ለፋልሲፓረም በብዛት ስንጠቀምባቸው የቆዩት መመርመሪያዎች የሚፈልጉት ኤችአርፒ2 የተባለውን ፕሮቲን ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ የዚህን ፕሮቲን ጂን የጣሉ ጥገኛ ተሕዋሳት መኖራቸውን አሳይቷል፤ እነዚህ ከመመርመሪያው ያመልጣሉ። ከጂምሳ ግን አያመልጡም። ማይክሮስኮፑ ፕሮቲን አይጠይቅም፤ መልኩን ነው የሚያየው።

ከዚያው ከጎንደር ሳንርቅ ካላዛርን እንውሰድ። ከመተማና ከሁመራ እርሻ የሚመለስ የቀን ሠራተኛ ጣፊያው አብጦ ሲመጣ፣ ከጣፊያው በመርፌ የተወሰደው ናሙና ዛሬም ስላይድ ላይ ይቀባል፣ በጂምሳ ይቀልማል፣ በዓይን ይቆጠራል። የሠለጠነ ዓይን ደግሞ በአንድ ሳምንት አይገኝም።

ስለዚህ ለመምህራኖቻችን አንድ ሐሳብ አለኝ። ተማሪዎች በቲቲፒ ወደ ጤና ጣቢያ ሲወጡ ከየሙያው የተውጣጣው ቡድን በሙሉ፣ የላብራቶሪዎቹ ብቻ ሳይሆኑ፣ የየራሱን ስላይድ ቀብቶ፣ አቅልሞ፣ 100 ፊልድ ቆጥሮ ውጤቱን ይፈርምበት። ስላይዱን የላብራቶሪ ባለሙያው ደግሞ አይቶ ያርመው። ወጪው የጂምሳና የሜታኖል ነው። እናንተ የቀድሞ ምሩቃን ደግሞ በየቤታችሁ፣ በየመሥሪያ ቤታችሁ መሳቢያ ውስጥ የድሮ ማስተማሪያ ስላይድ ካላችሁ (ግርሻ ከሆነ በተለይ፣ ዛሬ እንደ ልብ አይገኝም) ለስብሰባው ስትመጡ በጋዜጣ ጠቅልላችሁ ይዛችሁ ኑ። ቀለሙ ቢደበዝዝም ግድ የለም፤ ብዙ ጊዜ እንደገና ማቅለም ይቻላል።