በዋግ ሰማይ ያለፈው የበረራ መሥመር

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ እንዳደረገ የታወቀ ነው። ስለዚህ ጉዳይ ሲጻፍ ዘወትር የሚነሣው መነሻውና መድረሻው ነው። እኛ ግን በዚህ አጭር ጽሑፍ በመካከል ያለውን አገር ለመመልከት አስበናል።

ከአዲስ አበባ እስከ አሥመራ በካርታ ላይ ቀጥ ያለ መሥመር ብናሰምር ርዝመቱ 700 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በደሴና በመቀሌ የሚሄደው የመኪና መንገድ ግን ከ1,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። የዚያን ዘመን ባለ ሁለት ሞተር ዳግላስ አይሮፕላን በሰዓት 270 ኪሎ ሜትር በረረ ብንል፣ ቀጥታውን መንገድ በሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይጨርሰዋል። ይኸው መሥመር ላስታን ካለፈ በኋላ ከሰቆጣ በስተ ምዕራብ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በዝቋላ በኩል ዋግን ያቋርጣል። (ዝቋላ ስንል በዋግ ያለውን ወረዳ ነው እንጂ አቦ የሚነግሡበትን የሸዋውን ተራራ አይደለም።) ዋግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ለማለፍ ለአይሮፕላኑ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም።

ከታች ግን ርቀት የሚቈጠረው በቀን መንገድ ነበር። ሰቆጣ በ19ኛው መቶ ዓመት የታወቀች የአሞሌ ጨው ገበያ ነበረች፤ ነጋዴውም መንገዱን በማደሪያ ይቈጥር ነበር። በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር እንኳ፣ ዝሆንና ብዙ ሺህ የጭነት ከብት ይዞ ከዋግ በስተ ምሥራቅ በአሸንጌ በኩል ሲያልፍ፣ ከዙላ ወደብ ያለውን 640 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ የጨረሰው በወራት ነው። ጄኔራል ናፒየር ዙላ የወረደው በታኅሣሥ፣ መቅደላ የተያዘው በሚያዝያ ነበር።

የርቀት ትርጉም በግልጽ የሚታየው ግን በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ጊዜ ነው። ዋግ የጦርነት ቀጠና ስለ ነበር እህል በመኪና ማድረስ አስቸጋሪ ሆነ፤ ብዙ ሕዝብም እርዳታ ፍለጋ በእግሩ ወደ ኮረም ሄደ። ከሰቆጣ እስከ ኮረም በቀጥታ ቢለካ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከዝቋላ ሲሆን ወደ 80 ይጠጋል። ያ የ1938ቱ አይሮፕላን የሰቆጣውን ርቀት በ12 ደቂቃ ያህል ይሻገረው ነበር። ልጅ አዝሎ ገደል ለሚወርድና ለሚወጣ የተራበ ሰው ግን የቀናት መንገድ ነው፤ በመንገድ የቀሩትም ብዙ ናቸው። ስለዚህ የርቀትን ታሪክ በኪሎ ሜትር ብቻ መጻፍ የሚበቃ አይመስለንም።

የአሥመራው መሥመር ራሱ በ1990 ዓ.ም. ጦርነት ተዘጋ፤ ሐምሌ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. ተከፈተ፤ በነሐሴ 2016 ዓ.ም. እንደ ገና ተቋረጠ። ወደ ዋግ የሚሄድ መንገደኛ ከአዲስ አበባ ላሊበላ በአይሮፕላን አንድ ሰዓት ያህል ይበቃዋል። ከዚያ እስከ ሰቆጣ በቀጥታ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም፣ በተራራው የሚጠማዘዘው የመኪና መንገድ ከበረራው የበለጠ ጊዜ ይወስዳል።