የመድፈኛው ጩቤ፦ የተቀረጹት ቁጥሮች መለኪያ ናቸው ወይስ ፈቃድ?



የዛሬው ንግግሬ በከፊል እርማት ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በዚሁ አዳራሽ፣ የቬኒስ መድፈኞች ይታጠቁት የነበረውን ቁጥር የተቀረጸበት ጩቤ «የመለኪያ መሣሪያ» ብዬ አስተዋውቄአችሁ ነበር። ቃሉን የወሰድሁት ከሙዚየም መግለጫዎች ነው፤ አልመረመርሁትም ነበር። አሁን ግን ስለ መረመርሁት እንዲሁ በደፈናው እንዲቆም አልፈቅድም።

በመጀመሪያ ዕቃውን እንወቀው። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሰሜን ኢጣልያ ይሠራ የነበረ ስቲሌቶ ነው፤ ጣልያኖች ፉሴቶ ይሉታል። የሚቆርጥ ስለት የለውም። ባለ ሦስት ገጽ የሆነው ብረት ወደ ጫፉ እየሾለ ይሄዳል፤ ሥራው መውጋት ብቻ ነው። በአንዱ ገጽ ላይ ከ1 ተነሥተው ብዙ ጊዜ 120 ላይ የሚያበቁ ቁጥሮች ተቀርጸዋል፤ «መቶ ሃያ» የሚል መጠሪያም ያገኘው ከዚህ ነው። መድፈኛው በጫፉ የመለኮሻውን ቀዳዳ ሊጠርግ፣ የባሩዱንም ከረጢት ሊበሳ ይችላል። ቁጥሮቹ ግን፣ ጩቤው በአፈሙዙ ወርድ ላይ ሲጋደም መድፉ ስንት ሊብራ የሚመዝን ጥይት እንደሚጎርስ ይነግሩ ነበር ይባላል።

ሐሳቡ ራሱ መሠረት አለው። የጥይትን ክብደት ከአፈሙዝ ስፋት የሚያነብ ማስመሪያ እ.ኤ.አ. በ1540 ገደማ ለኑረምበርጉ ጌዮርግ ሃርትማን ይሰጣል። ኒኮሎ ታርታሊያ በ1537 እና በ1546 በቬኒስ ባሳተማቸው መጻሕፍት የመድፍን ጥበብ የሒሳብ ጉዳይ አደረገው። ጋሊሌዮም በ1606 በፓዶቫ መመሪያውን ባሳተመለት የጦር ኮምፓስ ላይ ለዚሁ ሥራ የሚሆኑ መሥመሮችን አኑሯል።

ነገር ግን የሒሳቡ ሕግ ጥብቅ ነው። ጥይቱ ድቡልቡል ስለ ሆነ፣ ዲያሜትሩ በእጥፍ ሲያድግ ክብደቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ በትክክለኛ መለኪያ ላይ ቁጥሮቹ ከፍ ባሉ መጠን እየተጠጋጉ መሄድ አለባቸው። ቀላሉ የቬኒስ ሊብራ 301 ግራም ገደማ ነው። በዚህ ሲሰላ 1 ሊብራ የሚመዝን የብረት ጥይት ዲያሜትሩ 4.3 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ 120 ሊብራ የሚመዝነው ደግሞ 21 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። (ስሌቱን የሠራሁት በወጥ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ከሁለት ዓመት በፊትም ከዚህ በላይ ድካም አይጠይቅም ነበር።) የሊብራውን መጠን ባናውቅ እንኳ አንድ ፈተና አለን፦ ከ20 እስከ 30 ያለው ክፍተት ከ90 እስከ 100 ካለው ከሁለት እጥፍ በላይ መስፋት አለበት።

ከተረፉት ጩቤዎች ብዙዎቹ ይህን ሕግ አይጠብቁም። ክፍተቶቻቸው ከየትኛውም የታወቀ መለኪያ ጋር አይገጥሙም፤ በአንዳንዶቹ ላይ ቁጥሮቹ ለዓይን እንዲያምሩ ብቻ የተደረደሩ ይመስላሉ። ሌላም ችግር አለ። ብረት፣ እርሳስና ድንጋይ በእኩል መጠን እኩል አይመዝኑም፤ ስለዚህ በቂ የመድፈኛ ማስመሪያ ለእያንዳንዱ የተለየ መሥመር ይሻል። በጩቤው ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለው አንድ መሥመር ብቻ ነው።

ታዲያ ቁጥሩ ለምን ተቀረጸ? መልሱ ከመድፉ ይልቅ ከመንገዱ ይገኛል። ስቲሌቶ በልብስ ሥር የሚሸሸግ፣ በጨለማ የሚገድል መሣሪያ ስለ ነበር የቬኒስ መንግሥት ደጋግሞ ከልክሎታል። የከተማዋ መድፈኞች ግን፣ አብዛኞቹ በሌላ ጊዜ በእጅ ሙያ የሚተዳደሩ ሰዎች ሲሆኑ፣ ለአገልግሎታቸው ከተሰጧቸው መብቶች አንዱ መሣሪያ መያዝ ነበር። ማኅበራቸው የተከበረ ነበር፤ በሳንታ ማሪያ ፎርሞዛ ቤተ ክርስቲያን ለነበራቸው መሠዊያ ፓልማ ኢል ቬኪዮ የሣላትን ቅድስት ባርባራ ዛሬም እዚያው ማየት ይቻላል። እንግዲህ በወገቡ የተከለከለ ብረት የሻጠ ሰው በዘበኛ ሲያዝ፣ ቁጥሮቹን እያሳየ «መድፈኛ ነኝ፤ ይህም የሥራ ዕቃዬ ነው» ማለት ይችል ነበር። የማኅበሩ አባል ላልሆነ ሰው ደግሞ አንድ ቀራጭ ያንኑ ቃል በብረት ላይ ሊጽፍለት ይችላል። ዘበኛው ሊያረጋግጥ ቢወድ እንኳ የሒሳብ ዕውቀት ያስፈልገዋል።

ሁሉም የማስመሰያ ሥራ ናቸው አልልም። ሕጉን የሚጠብቅ ጩቤ ሲገኝ መለኪያ ብለን ብንጠራው ተገቢ ነው። የማይጠብቀውም ቢሆን ለታሪክ ጸሐፊ የሚጣል አይደለም፤ አስመሳይ የሚመስለው የታወቀና ዋጋ ያለው ምልክት ነውና፣ ቁጥሩ በጎዳና ላይ ይከበር እንደ ነበር የሚመሰክረው እርሱ ነው። ስለዚህ በ«መለኪያ መሣሪያ» ፈንታ «የመድፈኛ ምልክት ያለበት ጩቤ» የሚለውን እመርጣለሁ፤ መለኪያነቱ በእያንዳንዱ ጩቤ ላይ በማስመሪያ የሚፈተን ነገር ይሁን።

አሁን ምስሎቹን እናያለን፤ ከፊት የተቀመጣችሁ ማስመሪያ ካላችሁ አውጡ።