የማይታየውን መቁጠር፦ የባሕር ዓሣ ብዛት ሞዴልና የኒውፋውንድላንድ ኮድ

የዓሣ ብዛት ሞዴል ማለት በአንድ የባሕር ክልል ውስጥ ያለ ዝርያ ምን ያህል እንደሆነ፣ በየዓመቱ ስንቱ እንደሚሞትና ስንቱ እንደሚተካ የሚገምት የሒሳብ ስሌት ነው። መንግሥታት የዓመቱን የማስገር ኮታ የሚቆርጡት ይህን ይዘው ነው። ዓሣ እንደ ከብት በረት ገብቶ ስለማይቆጠር ሁሉም ነገር ግምት ነው።

መሠረቱን በ1918 የጣለው ሩሲያዊው ፊዮዶር ባራኖቭ፣ ተፈጥሮ የሚገድለውንና አስጋሪ የሚገድለውን ለይቶ አሰላ። አሜሪካዊው ሚልነር ሼፈር በ1954 ባቀረበው ስሌት ደግሞ ዓሣ በብዛት የሚራባው ባሕሩ ሲሞላ ሳይሆን ክምችቱ ወደ ግማሽ ገደማ ሲወርድ ነው። በ1957 እንግሊዛውያኑ ሬይመንድ ቤቨርተንና ሲድኒ ሆልት ዕድሜንና የሰውነት ዕድገትን ጨመሩበት። ዕድሜው የሚነበበው ከዓሣው የጆሮ ጠጠር ነው፤ እንደ ዛፍ ግንድ የዓመት ቀለበት አለው።

ስሌቱ የተፈተነው በካናዳ ነው።

ከካናዳዋ ደሴት ከኒውፋውንድላንድ በስተ ምሥራቅ ያለው የሰሜን ኮድ የተባለው ዓሣ በ1968 ብቻ 810,000 ቶን ያህል ተጠምዷል፤ አብዛኛውን የወሰዱት የውጭ አገር ግዙፍ መርከቦች ነበሩ። ካናዳ በ1977 የማስገር ወሰኗን ወደ 200 የባሕር ማይል ስታሰፋ ሀብቱ የሚያገግም መሰለ፤ የራሷን መርከቦችም አሰማራች። ስህተቱ የገባው በመለኪያው በኩል ነው። ከመለኪያዎቹ አንዱ መርከቦቹ መረብ በጎተቱበት ሰዓት ልክ የሚያገኙት ዓሣ ነበር። ኮድ ግን ቁጥሩ እየቀነሰም ቢሆን ተሰባስቦ ይኖራል፤ በድምፅ ሞገድ የሚያስሱ መርከቦች ደግሞ መንጋውን ያለበት ድረስ ሄደው ያገኙታል። ባሕሩ እየተራቆተ መረቡ ሙሉ ሆኖ ይወጣ ነበር። በባሕር ዳርቻ በአንድ ቦታ መረብ የሚተክሉት አነስተኛ አስጋሪዎች ግን የሚያገኙት ማነሱን ያወቁት ቀድመው ነው፤ በ1980ዎቹ አጋማሽ ቢናገሩም የሰማቸው አልነበረም ማለት ይቻላል።

ሳይንቲስቶቹ ቢነቁም ፖለቲካው አልተከተላቸውም። ለ1989 ኮታው ወደ 125,000 ቶን እንዲወርድ መከሩ፤ መንግሥት 235,000 ቶን ፈቀደ። ሐምሌ 2 ቀን 1992 የዓሣ ሀብት ሚኒስትሩ ጆን ክሮስቢ ማስገሩን አገዱ። በአንድ ጊዜ 30,000 ያህል ሰዎች ሥራ ፈቱ። ለሁለት ዓመት የታሰበው እገዳ 32 ዓመት ቆየ።

ከእገዳው ወዲህ የተነሣው ክርክር በተፈጥሮ ሞት ላይ ነው። የቀድሞዎቹ ስሌቶች በየዓመቱ 18 በመቶ ያህሉ በተፈጥሮ ይሞታል ብለው ቁጥሩን ቋሚ አድርገውት ነበር። ውኃው ሲቀዘቅዝና የኮድ ቀለብ የሆነው ካፕሊን የተባለው ትንሽ ዓሣ ሲመናመን ግን ቁጥሩ ባለበት ሊቆይ አይችልም። በ2016 ሥራ ላይ የዋለው ሞዴል የተፈጥሮ ሞት ከዓመት ዓመት እንዲለያይ ፈቀደ። በ2023 ደግሞ ስሌቱ እስከ 1954 ወደኋላ ያሉ መረጃዎችን ሲያካትት ክምችቱ ከሱ በታች ሲወርድ አደጋ ላይ ነው የሚባልበት ወሰን ዝቅ አለ፤ ክምችቱም «በአደጋ ላይ» ከሚለው ደረጃ ወጥቶ «ጥንቃቄ የሚሻ» ተባለ። በባሕሩ ውስጥ አንድም ዓሣ ሳይጨመር ማለት ነው።

በዚያ መነሻ በሰኔ 2024 እገዳው ተነሣ፤ ለዓመቱ የተፈቀደው 18,000 ቶን ነበር።